የእትዬ ስቶያንካ የዳቦ መኪና

በየመንደሩ የሰው በሽታ የሚያመው አንድ ሰው አይጠፋም። ስለ ራሱ ጤና ሲጠየቅ "ደህና ነኝ" ብሎ ያልፋል፤ ስለ ጎረቤቱ ኩላሊት ግን ግማሽ ቀን ያወራል። ከዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ስቶያንካ ናቸው፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት።

ሐኪማችን ጡረታ ወጣ፣ ተተኪ አልመጣም፣ ጤና ጣቢያው ተዘጋ። እትዬ የዱቄት መጋዘናቸውን አስለቅቀው ኖራ አስቀቡና በዳቦው ትርፍ ማክሰኞ ማክሰኞ ከከተማ ነርስ ያስመጡ ጀመር። ታዲያ በለሰለሰ አንደበት እንዳይመስላችሁ።

"የስኳር መርፌሽን ተወጋሽ?" ይላሉ ሰው ሁሉ በተሰለፈበት።

"እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለዳቦ ነው።"

"ዳቦው የትም አይሄድም። የምትሄጂው አንቺ ነሽ።"

የደም ግፊቱን ሳይለካ ዳቦ ይዞ የወጣ ሽማግሌ የለም። ቄሱ እንኳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሰጥተዋል።

ባለፈው ጥር ቅርጫት ሠሪው ራንገልን ደረቱን ያዘው። ቤቱ ሮማ የሚባሉት፣ ሌላው ሰው የሚንቃቸው ሕዝቦች በሚኖሩበት በታችኛው ሰፈር ነው። ሚስቱ አምቡላንስ ጠራች። የሰፈሩን ስም ስትነግራቸው "መንገዱ በረዶ ነው፤ ጠብቂ" አሏት። አንድ ሰዓት ጠብቃ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠች።

እትዬ አንድም ነገር አልጠየቁም። ትኩሱን ዳቦ ከነሣጥኑ ከመኪናቸው አውርደው በረዶው ላይ ደረደሩት። ዳቦ ልገዛ ቆሜ ነበርና አብሬያቸው ሄድኩ፤ ራንገልን በብርድ ልብስ ተሸክመን አስገባነው፤ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁት።

"ራንገል፣ ይሰማሃል?" አሉ እየነዱ።

"የእርስዎን ድምፅ የማይሰማ ማን አለ" አለና ፈገግ አለ።

ከተማው መግቢያ ስንደርስ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ከበደኝ። አልነገርኳቸውም። የሆስፒታሉ ሐኪም የራንገልን እጅ ይዞ ቆየና ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

በቀብሩ ማግስት እትዬ የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ቢሮ ገቡ። "ራንገል ቅርጫት ሠሪ ነበር፤ ነገ ግን የሚወድቀው ያንተ ሠራተኛ ነው" አሉት። ከዚያ ወደ ዘይት መጭመቂያው ሄዱ። በመጋቢት እትዬና ሁለቱ ባለቤቶች ተባብረው አሮጌ ሚኒባስ ገዙ፤ ወንበሩን ነቅለው ቃሬዛ አስገቡበት፤ ሾፌር በተራ መደቡ። ነርሷም ሐሙስ ሐሙስ ታችኛው ሰፈር ትውል ጀመር። ለራንገል ግን አልደረሰም። እትዬም በዚህ ማንም እንዲያጽናናቸው አይፈቅዱም።

በሚያዝያ የቤቴ በር ተንኳኳ።

"ጌንቾ፣ ክፈት። ሁለት ቀን ዳቦ አልገዛህም።"

"ጉንፋን ነው እትዬ።"

"ጉንፋን ከንፈር አያጠቁርም። ተነሥ።"

የሳንባ ምች ነበር። ቃሬዛው ላይ አጋድመውኝ እስከ ከተማ ድረስ ራሳቸው እየነዱ ሲወርዱብኝ ሄዱ፦ ስለ ሲጋራዬ፣ ስለሚያፈስሰው ጣሪያዬ፣ ስለ ሟች ባለቤቴ ትዕግሥት። በዚያ መንገድ ላይ ብቻዬን መሆን ምን ያህል እንደምፈራ አላውቅም ነበር። ለመታጠፊያው ፍጥነት ሲቀንሱ ንግግራቸውን አቋረጡ።

"እትዬ" አልኳቸው፣ "የጣሪያውን ነገር እኮ አልጨረሱም።"