በጎኑ የተኛ አገር

ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ መንደር ሁሉ፣ አገሩን ለልጆች ካላስረዳ እህል የማይወርድለት አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ሰዎች የተሰጡን ክቡር አያ ፊሩን ናቸው።

ክቡርነታቸው መላውን ካምቦዲያ በቤታቸው ወለል ላይ በቀለም ስለዋል። ልጆች ተራራው ላይ ይቀመጣሉ፣ ወንዙን በጣታቸው ይከተላሉ። ማሊስ የምትባል ልጅ የጥንት ነገሥታት የድንጋይ ከተማ ላይ ከተቀመጠች የሚያስነሳት የለም። የባለቤታቸው ዓሣ የሚብላላበት እንስራ በተሳለው ባሕር ዳር ተቀምጧል። "የባሕር ሽታ ይኸው ነው" ይላሉ፣ አፍንጫቸውን ሳይዙ።

መከራው ሌላ ነው። ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ቤቶቻችንን እየጎተትን እንሰፍራለን። አስረን አረፍን ስንል ክቡርነታቸው ፀሐይዋን ያዩና ይጮኻሉ፦ "ሰሜኑ ዞሯል! አገር በጎኑ ተኝቶ አይጠናም!" ከዚያ መንደሩ የሚገፋበትን ቀርከሃ ይዞ የሳቸውን ቤት ያዞራል።

"ልጆቹን አያዞሯቸውም እንዴ?" ትላለች ጎረቤቴ ቻንቲ፣ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ።

"አንቺ! ልጅ ሲነግሩት ይዞራል፤ ሰሜን ግን ሰው አይሰማም። ግፊ!"

"እኛስ የት ነን አባባ?" ትላለች ማሊስ።

"ሰማያዊው ሐይቅ ላይ ጣትሽን አሳርፊ። የትም ብታሳርፊ አትሳሳቺም።"

ዘንድሮ ሐይቁን ልቀቁ ተባልን። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ቤቶቻችን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ተሰቀሉ። ዓሣ የለም። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ጡብ ወደሚቃጠልበት ለሥራ ሄዱ፤ ማሊስም ሄደች። ባዶው ወለል ላይ የአገሩ ሰሜን ወደ ምዕራብ ዞሮ ቀረ።

ክቡርነታቸው ግን አልጮኹም። የከበደኝ ይህ ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ከሸበትኩ በኋላ፣ እዚያ ወለል ላይ ከልጆቹ መሀል ተቀምጬ ነው።

"አያ ፊሩን፣ አሁን የት ነን?" አልኳቸው።

ወለሉን አዩ። "እኔ እንጃ" አሉ። ካወቅኋቸው ጀምሮ ይህ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ወጥቼ ቻንቲን ጠራኋት። እየተሳደበች ቀርከሃዋን ይዛ መጣች፤ በመንደሩ የቀሩትም ተከተሏት። ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ ተቀብረዋል፤ ይህን ሁላችንም እናያለን።

"ምን ልትሆኑ ነው?" አሉ ክቡርነታቸው በመስኮት ብቅ ብለው።

"ሰሜኑ ዞሯል" አለች ቻንቲ።

ትከሻችንን ለግድግዳው ሰጠን። ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ክቡርነታቸው አዩን፤ ቀና ብለውም ፀሐይዋን አዩ።

"ወደ መውጫዋ" አሉ ቀስ ብለው። "ትንሽ ብቻ።"

ገፋን።