ኢንጂነር ጀንበሬ ኢንኮደር ሲመርጡ

ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚያውቅ ሰው እንዳያማክር ይጠንቀቅ። የማያውቅ ሰው "ውሰደው፣ ጥሩ ነው" ብሎ ይገላግላል። የሚያውቅ ግን ወንበር ይስባል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ የእኛ የጅቡቲው ሰፈር፣ የካርቲየ 5ቱ፣ ክቡር ኢንጂነር ጀንበሬ ናቸው።

ኢንጂነርነቱን የሰጧቸው ከአዲስ አበባ ወደ ወደቡ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ወረቀታቸው ላይ የፍሪጅና የኤርኮንዲሽነር ጠጋኝ ይላል። በጥገናቸው የሚያማቸው የለም፤ በሐምሌ ጅቡቲ ላይ የቆመ ኤርኮንዲሽነር የሚያስነሳ ሰው ኢንጂነር ቢባል አይበዛበትም። ችግሩ ምርጫ ላይ ነው።

የውብዳር ይህን እያወቀች ነው ያማከረቻቸው። ምግብ ቤቷ ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ አለ። ሁለተኛ እንዳትሰቅል አከራይዋ ከልክለዋታል፤ አንዱ ካምሲን በሚሉት የበረሃ ንፋስ ተነቅሎ መኪናቸው ላይ ወርዶ ያውቃል። ቀን ለምሳ የሚመጡት ሾፌሮች የአገራቸውን ቻናል ይፈልጋሉ፤ ማታ ጎረቤቷ ናዒማና ዘመዶቿ በዓረቦቹ ቻናል ኳስ። ሳተላይቶቹ ደግሞ ሰማይ ላይ ተራርቀዋል። ስለዚህ ዲሹ በቀን ሁለቴ መዞር አለበት። ድሮ የሚያዞረው ባሏ ዓለምብርሃን ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ራሷ በመሰላል ትወጣለች። በቀደም ሦስተኛው እርከን ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ደግፋ ያወረደቻት ናዒማ ናት። ካልወጣች ደግሞ ሾፌሮቹ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ይገባሉ።

"ቀላል ነው" አሉ ኢንጂነሩ። "ሞተር እንገጥምለታለን። አርዱዪኖ የምትባል የክብሪት ቀፎ የማታህል ኮምፒውተር አለችኝ፤ ሞተሩን እሷ ታዘዋለች። የጎደለን ኢንኮደር ብቻ ነው።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ዘንጉ ስንት ዲግሪ እንደዞረ ለኮምፒውተሯ የሚነግራት ዕቃ። እሱን እስክመርጥ ድረስ ዲሹን እኔ አዞረዋለሁ።"

እስክመርጥ ድረስ። የውብዳር ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

በመጀመሪያው ሳምንት የአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ መቆጣጠሪያ ነቅለው መጡ። ሲያዞሩት ስክሪኑ ላይ ቁጥር ወጣ፣ ወረደ። የውብዳር አጨበጨበች። ኢንጂነሩ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ውስጡ እየተፋቀ ያልቃል። የዛሬ ሁለት ዓመት ምን ልንሆን ነው?"

"የዛሬ ሁለት ዓመት ሌላ ሬዲዮ እንነቅላለና!"

"የውቤ፣ ይሄ በጥድፊያ የሚወሰን ነገር አይደለም።"

ቀጥሎ በፍቃዱ የሚባል ሾፌር ከአዲስ አበባ ሌላ አመጣ። ውስጡ ዙሪያውን የተበሳሳ ክብ አለ፤ ብርሃን በቀዳዳ ባለፈ ቁጥር ይቆጥራል። ምሳ ላይ ሲሞክሩት መብራት ሄደ። ሲመለስ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ተገኘ።

"የት እንደነበረ ረሳው እንዴ?" አለች የውብዳር።

"ይረሳል። የሚያውቀው ከተነሣበት ስንት እንደሄደ ብቻ ነው።"

ናዒማ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። "ወላሂ፣ እዚህ ሰፈር መብራት ሲሄድ የሚረሳ ዕቃ? ቀኑን ሙሉ ሲረሳ ሊውል ነው!"

በፍቃዱ ያመጣው ዕቃ ሲነቀፍ ከበደው። "ጋሽ ጀንበሬ፣ መብራት ሲመለስ አንዴ ጥግ ድረስ ዞሮ ዜሮውን ቢያገኝስ?"

በዚህ ሾፌሮቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ በብርሃን ለሚቆጥረው፣ ግማሹ ኢንጂነሩ ለሚያወሩለት፣ ገና ላልመጣው ለማግኔቱ ቆመ። ማግኔቱን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህ ግን ክርክሩን አላቀዘቀዘውም። የቀዘቀዘው ሽሮው ነው።

የማግኔቱ ነገር እንዲህ ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ ማግኔት ይለጠፋል፤ ፊት ለፊቱ ያለች ቺፕ ወዴት እንደዞረ ታነባለች። አይነካካም፣ አይፋቅም፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለበትን ያውቃል። የውብዳር "ተገላገልን" አለች። ማግኔቱም ለካ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ አንድን ዙር አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ቦታ ይከፍላል፤ ሌላው ከአሥራ ስድስት ሺህ በላይ።

"እኛ የምንፈልገው እኮ ሁለት ቦታ ነው" አለች። "ሾፌሮቹና ናዒማ።"

ኢንጂነሩን ቅር አላቸው። ይህ ነገር ብቻ አሥራ ሁለት ቀን ወሰደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይና ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኢንጂነር ጀንበሬ የጀመሩትን ጥገና አቋርጠው መሰላሉን ይወጣሉ። "ወደ ግራ! አለፈ! ይመልሱት!" ትላለች ናዒማ ከታች። አንድ ቀን አምቡሊ ሰፈር ለሥራ ሄደው ሲዘገዩ፣ የውብዳር ጉልበቷን እያባበለች ራሷ ወጣች።

የዲሹ ምሰሶ ላይ ዓለምብርሃን የቀባቸው ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ ቀይ ለአገር ቤት፣ ነጭ ለኳስ። ፀሐይና ጨው አጥፍተዋቸው ዓመቱን ሙሉ በጣቷ እየዳበሰች ነበር የምታገኛቸው። አሁን ሁለቱም በአዲስ ቀለም ተቀብተዋል። እዚያው ቦታቸው ላይ፣ በዚያው ውፍረታቸው። የውብዳር እጇን ምሰሶው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዲሹን ቀዩ ላይ አቁማ ወረደች። ሰሞኑን ከኢንጂነሩ በቀር ጣሪያው የወጣ አልነበረም።

ማግኔቱ ከዱባይ በደረሰ ቀን ኢንጂነሩ ከምሳ በፊት፣ ቀድመው በመጡት ሾፌሮች ፊት፣ ጠረጴዛ ላይ ሞከሩት። ሲያዞሩት ሰማንያ ሰባት ዲግሪ አለ። ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ሰኩት። ሰማንያ ሰባት። በፍቃዱ እንኳ ሳይወድ አጨበጨበ።

"በቃ፣ የውቤ" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። "ይሄ ነው። ነገ እገጥመዋለሁ። ከነገ ወዲያ ማንም ጣሪያ አይወጣም።"

እኚህ ሰው ሲወስኑ ያየ ማንም አልነበረም። የውብዳር እጃቸውን አየች፤ መዳፋቸው ላይ የምሰሶው ዝገት አለ።

"የባሕሩ ጨውስ?" አለች።

"ምን?"

"ጨዉ ነዋ። ቺፗን አይበላትም? መሸፈኛ አያስፈልጋትም? ደግሞ መሸፈኛው ብረት ይሁን ፕላስቲክ…"

የኢንጂነሩ ፊት በራ። ወንበር ሳቡ። "ብረት ማግኔቱን ያውከዋል" አሉ ቀስ ብለው። "ፕላስቲክ ደግሞ በዚህ ሙቀት…"

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?" አለች ናዒማ። "አለቀ እኮ!"

"አላለቀም" አለች የውብዳር፣ ሳህን እየደረደረች። "ይሄ በጥድፊያ የሚወሰን ነገር አይደለም።"

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሾፌሮቹ ቻናላቸውን ፈልገው ወደ ቴሌቪዥኑ ማየት ጀመሩ። ኢንጂነር ጀንበሬ ተነሥተው መሰላሉን ያዙ።

"ቀዩ ላይ ያቁሙት" አለቻቸው የውብዳር።

ኢንጂነሩ ሁለተኛው እርከን ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ዞረው ሳያዩዋት ወጡ። የውብዳርም ከሥር መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘችላቸው።