ሳትወነጨፍ የታየችው ሳተላይት

ያለን ነገር ማየትማ የማንም ራዳር ሥራ ነው። በባልካሽ ሐይቅ ዳር፣ ምድረ በዳው መሐል የተተከለው የኮሎኔል ዛካር ሉኪች ራዳር ግን ለላቀ ተልዕኮ የታጨ ነበር።

ለራዳሩ መፈተኛ የተሠራችው ሳተላይት ፎቶ አታነሳም፣ ድምፅ አታስተላልፍም፤ ሥራዋ የጠላት ሚሳኤል መስላ በሰማይ ማለፍና መታየት ብቻ ነው። ኮሎኔሉም የአብዮቱ በዓል ሳይደርስ እንደሚያዩዋት ለሞስኮ ቃል ገብተዋል። በአገሩ ደንብ የምሥራች የሚያምረው ከሥራው ቀድሞ ሲደርስ ስለሆነ፣ በምትወነጨፍበት ቀን ጠዋት ሻያቸውን ሳይጨርሱ ደውለው "ታይታለች" አሉ።

የራዳሩ መሐንዲስ ካፒቴን ሮዲዮን ደስ አለው። ሳተላይቷ ከታየች ሌኒንግራድ ወዳለችው ሚስቱ ወደ ዚናይዳ እንደሚዛወር ተነግሮታል። ጠዋትም ማታም የባልካሽን ዓሣ ከመብላቱ የተነሳ ቅርፊት ሊያበቅል ምንም አልቀረውም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከሮኬት ማስወንጨፊያው ስፍራ ስልክ መጣ። ሮዲዮን ፊቱ አመድ መስሎ ኮሎኔሉ ቢሮ ገባ።

"ጓድ ኮሎኔል፣ ሮኬቱ አልተነሳም። ነዳጅ እያፈሰሰ ነው።"

"ማን አለ?"

"የማስወንጨፊያው ሰዎች።"

"እነሱ በምን አይተው? ራዳር እንኳ የላቸው።"

"አጠገቡ ቆመው ነዋ።"

ኮሎኔሉ እንደ አባት አዩት። "ስማ ልጄ፣ ሌኒንግራድ ትሄዳለህ ወይስ ዓሣውን ወደኸዋል?"

ሮዲዮን ወደ ራዳሩ ተመልሶ ባዶውን የምስል መስኮት ትክ ብሎ አየ።

"ቁልጭ ብላ ታየችኝ" አለ።

ሞስኮ ማስወንጨፊያውንም እንኳን ደስ ያላችሁ አለች። እዚያ ያሉት በነዳጁ ጉዳይ ማን እንደሚጠየቅ ሲጨነቁ ስለነበር፣ በእግሩ የመጣን ምስጋና መመለስ ነውር መሰላቸው፤ ሮኬቱን ሸራ አለበሱት።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ሞስኮ ግን ተደስታ ኮሚቴ ላከች። ኮሎኔሉ በዕለቱ መነጽራቸው ጠፋ። ሌሎቹ መኮንኖች ተራ በተራ መስኮቱ ፊት ተቀምጠው፣ እንደ ካፒቴን ሮዲዮን አጥርቶ የሚያይ እንደሌለ በትሕትና መሰከሩ። እሱም ሳተላይቷን ከአድማስ እስከ አድማስ በጣቱ እየተከተለ አሳያቸው። ኮሚቴው ተደንቆ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ከጣቢያው ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ ወሰነ። እንዲህ ያለውን ዓይን ያፈሩትን ኮሎኔልም ሾማቸው፤ ወደ ሌኒንግራድ።

ሻንጣቸውን ሲያስሩ ሮዲዮን ቀስ ብሎ፣ ተቃጥላ ወደቀች ብል ምናለበት ሲል ጠየቃቸው።

"በማን እጅ ላይ ነው የወደቀችው ቢሉህስ?" አሉት።

በበዓሉ ዕለት ዚናይዳ ደውላ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችው።

"ሳተላይቷ ስትወርድ" አላት።

ያልወጣች ሳተላይት ደግሞ ጽናቷ ለጉድ ነው፤ እስከ ዛሬ አልወረደችም።