ለእንግዳ የሞቀ ባክቴሪያ

እንግዳ ሲመጣ የማናርደው ነገር የለም። በግ ካለ በግ፣ በግ ከሌለ ዶሮ፣ ዶሮም ከጠፋ የጎረቤት ዶሮ። በዚህ አልጣላም፤ እኔም ስበላው ያደግሁት ነው። የእንግዳ ፍቅራችን ከቤት አልፎ ቢሮ ሲገባ ግን ደሜ ይፈላል። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ በሚያምስበት ዘመን፣ እዚሁ አምቦ ለእንግዳ የታረደውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የታረደው ባክቴሪያ ነው።

ሌሊሴ የምትባል የሸነን ከተማ ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር፤ እኔ የላብራቶሪ ረዳት፣ እሷ ለማስተርሷ የምትለፋ ተመራማሪ። ከቡላ እንደ ወረቀት የሳሳ ሽፋን ትሠራለች፤ ምግብ ይጠቀለልበትና አብሮ ይበላል። ውስጡ ከእርጎ ያወጣቻቸው ለሆድ የሚስማሙ ባክቴሪያዎች አሉ። ታዲያ እነዚህ ፍጥረታት ቅምጥሎች ናቸው፤ ሙቀት ይገድላቸዋል፣ እርጥበትም አይወዱም። ጥናቷ የሚያልፈው ደግሞ ስልሳ ቀን ሙሉ በሕይወት ቆይተው ከተቆጠሩ ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ ፍለጋ ከሆቴል ሆቴል ስትሮጥ አይቻታለሁ። ለታመመ ዘመድ እንኳ እንደዚያ የሚሮጥ ስንቱ ነው?

ሃምሳ ስምንተኛው ቀን ላይ ሌሊሴ ለቀብር ሸነን ሄደች፤ የፍሪጁን ቁልፍ ለእኔ ሰጥታ። በዚያው ቀን ሥራችንን የሚገመግሙ ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ ከች አሉ። አለቃችን ኦቦ ቶሎሳ በሩጫ መጣ።

«ያ ሽፋን የሚበላ ነው አላላችሁም?»

«ነው፣ ግን ኦቦ…»

«ታዲያ እንግዳ ባዶ አፉን ይሂድ? ቁልፉን አምጣ!»

ያስጥልልኛል ያልኩትን ቃል ወረወርኩ። «ባክቴሪያ አለበት!»

ኦቦ ቶሎሳ ክው አለ። «ባክቴሪያ? እንግዳ ልታስጨርሰኝ ነው? በሉ ቶሎ ይሙቅ!»

ቁልፉን ሰጠሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ የሰጠሁት፤ አለቃ ሲቆጣ እጄ ከሐሳቤ ይቀድማል። የመሥሪያ ቤታችን ሻይ ቤት ሴትዮ መጥበሻ ላይ ጣል ጣል አደረገችው፣ እንግዶቹም በአዋዜ በሉት። አንደኛው ደገመ። አንዲት ቁራጭ አልተረፈችም።

በማግስቱ ሌሊሴ ባዶውን ፍሪጅ ከፍታ «ዋቃዮ ኮ! አምላኬ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀና አለችና፣ «ጋሼ፣ ቁልፉን እኮ ላንተ ነበር የሰጠሁት» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወር በኋላ የግምገማው ሪፖርት መጣ። «መስተንግዶው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ባክቴሪያዎቹ በሕይወት መኖራቸው በናሙና አልተረጋገጠም» ይላል። እስኪ አሁን ይኼ ያናድዳል ወይስ አያናድድም? በሆዳቸው ይዘውት ሄደው!

ሌሊሴ አላለቀሰችም፤ ከአንደኛው ቀን ጀመረች። በሁለተኛው ዙር ግን ዕቃው ላይ በቀይ ቀለም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም «መርዝ» ብላ ጻፈችበት። በመሐል ሌሎች እንግዶች መጡ። ኦቦ ቶሎሳ ፍሪጁን ከፈተ፣ አነበበ፣ መልሶ ዘጋው።

በስልሳኛው ቀን አብረን ቆጠርናቸው። በሕይወት አሉ። ለሰው ሆድ መድኃኒት እንዲሆኑ የተሠሩት ፍጥረታት መርዝ ተብለው ተረፉ።