ባሌ ይወደኝ እንደነበር ሁለተኛ ምንጭ ስፈልግ

በእኛ አገር ሰው ረጅም፣ ደግና ዋናተኛ የሚሆነው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወቱ ሐሜት ያልተለየው ሁሉ አፈር ሲለብስ «እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም» ይባልለታል። እውነት ነው፣ አልነበረም! የሚወራለት ሰውዬ በጭራሽ አልተፈጠረም። ይህን በሌሎች ለቅሶ ላይ ስታዘብ ኖሬ፣ ተራው የባሌ ሲሆን ነው የደነገጥኩት።

ባሌ አስናቀ ደሴ ከተማ ውስጥ የሚዲያ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር። ቤታችን ሐይቅ ከተማ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ሙያው ቢጠቃለል «ማን አለ?» ነው። ተማሪ «ይባላል» ብሎ ከጻፈ ወረቀቱን ይመልስለታል። አንድ ሰው የነገረህ ገና ወሬ ነው፤ ከእሱ ያልሰማ ሌላ ሰው ሲያረጋግጥልህ ዜና ይሆናል፤ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ለራሱ ጉዳይ ብቻውን አይበቃም፤ ከየት እንዳመጣኸው ደግሞ ግርጌው ላይ ጻፍ። ይህ ሕግ ክፍል ውስጥ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። ሽንኩርት ተወደደ ስለው እንኳ ስንት ነጋዴ እንደጠየቅሁ ይመረምረኝ ነበር። አሁን «ማን አለ?» የሚለኝ የለም። ያሻኝን አወራለሁ። ደስ አይልም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሀያት የምትባል ተማሪው መጣች፤ የውጫሌ ልጅ ናት። ተማሪዎቹ በዕለቱ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሊያዘጋጁ ተስማምተው ጽሕፈቱን ለእሷ ሰጥተዋታል። ረቂቁን ታነብልኝ ጀመር። «በወጣትነቱ ሐይቅን በዋና ያቋረጠ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቄ አመለጠኝ። አስናቀ? የአምባሰል ገደል አፋፍ ላይ እንደ ዝንጀሮ የሚሮጠው ሰውዬ፣ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ነበር። እግሩን እንኳ የሚታጠበው ውኃውን በጥርጣሬ እያየ ነው።

ሀያት ግን ቆፍጠን አለች። ሁለት ምንጭ አለኝ እትዬ፣ ሁለት ሰዎች ጽፈውታል ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። አየሁት። ሁለቱም አስናቀ ባቲ ተወለደ ይላሉ። የተወለደው ግን እናቱ ለንግሥ ሲጓዙ ግሸን መንገድ ላይ ነው። ታዲያ ሁለት ሰው ሳይነጋገር እንዴት አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታል? አንዱ ከአንዱ ገልብጦ ነዋ! ሀያት ግንባሯን ያዘች። «ውይ! መምህር ቢያዩኝ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ነበር የሚወረውሩት» አለች። ባቲም ዋናውም ተሰረዙ።

ድል ያደረገ ሰው ጥጋብ አያጣውም። ይልቅ ባለቤቱን በጣም ይወድ ነበር ብለሽ ጻፊበት አልኳት። ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። ቀጥላም አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ምንጩ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው? እሷም በታላቅ አክብሮት፣ እርስዎማ ጉዳዩ ይነካዎታል፣ ሌላ ሰው ካልተገኘ አናነበውም፣ መምህር ራሳቸው አይቀበሉትም አለችኝ።

ተናደድኩ። ግን ያን የእሱን «ማን አለ?» ከሞተ ወዲህ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ ንዴቴን በቅጡ አልተናደድኩትም።

ለፍቅር ምስክር ከየት ይመጣል? አስናቀ በሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም። ሚዜው አርፏል። እናቱን ብጠይቅ፣ የሚወደው እሳቸውን ብቻ እንደነበር በአሥር ምንጭ ያረጋግጣሉ። ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ ገባብኝ፤ ይወደኝ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ከሆንኩ፣ እኔ ስሞት ማን ያውቀዋል?

ሀያት ቢያንስ የውኃ ፍርሃቱን የሚያረጋግጥ ሰው እንፈልግ ብላ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደችኝ። ጎረቤታችን ሰኢድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ መረቡን ሲጠግን አገኘነው። ጋሽ አስናቀ ዋና ይችሉ ነበር ወይ ስትለው መረቡን ጥሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን እኔን አየና ተሸማቀቀ። «ኧረ ተይኝ፣ እንዳልናገር አስምለውኛል» አላት። እኔ ስፈቅድለት ነው አፉን የከፈተው።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ዓሣ አምሮኝ ነበር። ያኔ ደሴ የሚወስዱ ነጋዴዎች ዓሣውን ገና ከታንኳ ሳይወርድ ይሻሙታል፣ አስናቀም ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። አንድ ማለዳ ግን፣ አለ ሰኢድ፣ ነጋዴዎቹን ለመቅደም መጥተው ታንኳዬ ላይ ወጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሸሚዜን ጨመደዱ። «መጀመሪያ እስጢፋኖስን ጠሩ። ነፋሱ ሲነሳ ወደኛ አውሊያዎች ተሻገሩ። ወላሂ፣ ሳይጠሩ የቀራቸው እኔን ብቻ ነው!» የሰኢድ ሸሚዝም ከትከሻው ተቀደደ።

ያን ዓሣ አስታውሰዋለሁ። ከየት አመጣኸው ስለው «ከታመነ ምንጭ፤ ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቋል» ነበር ያለኝ። ቀልድ መስሎኝ በላሁት። ዕድሜውን ሙሉ ምንጭ ጥቀሱ ሲል የኖረ ሰው የራሱን ደብቆ ሞተ! ሀያት ስትጽፍ እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። ነፋስ ነው ዓይኔን ያስቸገረኝ፤ ለዚህ ሁለተኛ ምንጭ የለኝም።

በሙት ዓመቱ ቀን ድንኳን ተጣለ። የሙስሊም እንግዶቻችንን ምግብ የሰኢድ ሚስት ዘሃራ በቤቷ አሰናድታ አመጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሀያት ተነሥታ ማንበብ ጀመረች። ግርጌ ላይ ያለውንም አልዘለለችም፤ የአስናቀ ተማሪ አይደለችም? «ውኃ ይፈራ ነበር። ምንጭ፦ ባለቤቱና ሰኢድ፣ የዓይን ምስክሮች። ባለቤቱን በጣም ይወድ ነበር። ምንጭ አንድ፦ ባለቤቱ። ምንጭ ሁለት፦ ሰኢድ፣ ሸሚዙ የተቀደደበት።»

ነጠላውን አዘቅዝቆ የተቀመጠ ለቀስተኛ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሳቁ ጋብ ሲል ዘሃራ አንገቷን አስግጋ ማዶ ወንዶቹ መሐል የተቀመጠውን ባሏን ፈለገችው። ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ «አንተ ሰኢድ! የእኔስ ምንጭ ማን ነው?» አለችው።

ዕድሜውን በታንኳ የጨረሰው ሰኢድ፣ ያን ቀን በደረቅ መሬት ላይ የሚጨመድደው ሸሚዝ አጣ።