ለነስሩ ያነበብኳቸው ገጾች

እኛ ሰፈር አድራሻ የሚነበብ ነገር አይደለም፤ የሚጠየቅ ነገር ነው። ኮልፌ ውስጥ የመንገድ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ቆሞ ፀሐይ ይሞቃል። እንግዳ ሰው ከታክሲ እንደወረደ ቀና ብሎ ሰሌዳ አያነብም፤ ሰው ነው የሚፈልገው። የተጠየቀውም ሰው ቦታውን ባያውቀው እንኳ "አላውቅም" ማለት ስለሚከብደው እጁን ወደ ሆነ አቅጣጫ ይዘረጋል። አዲስ ስልክ ስንገዛም ያው ነን። ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣዋን የአጠቃቀም መመሪያ ከፍቶ ያነበበ ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ። እኔ በሕይወቴ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ሙያዬ ትንሽ ልበል። እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። በዚህ ዘመን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምርም። ሌሎች ቀድመው ያዘጋጁት፣ ማገሩና ጣሪያው የቆመ ቤት የመሰለ ነገር አለ፤ ፍሬምወርክ እንለዋለን። እኛ ገብተን ክፍል እንከፍላለን፣ በርና መስኮት እንገጥማለን። ያ ቤት ታዲያ ከነማብራሪያው ነው የሚመጣው። ዶክመንቴሽን ይባላል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ምን ሲሰጡት ምን እንደሚመልስ፣ ምን ሲያደርጉት እንደሚያኮርፍ በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ ተጽፎበታል። ታሪክ የለውም። ፍቅር የለውም። ሲያነቡት የሚያስቅ ነገር የለውም፤ የሚያስለቅስ ግን አልፎ አልፎ አለው። ሰው የልጅነት ሰፈሩን ይናፍቃል፣ የእናቱን ወጥ ይናፍቃል። እኔ ዶክመንቴሽን ይናፍቀኛል። ሳቁ፤ ግድ የለም። ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

መሥሪያ ቤታችን አየር ጤና፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነበር። ከታች ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ ከላይ እኛ ኪቦርድ እንቀጠቅጣለን። ነስሩ የሚቀመጠው ከእኔ አጠገብ ነው። ኮልፌ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ጨርቃ ጨርቅ ነግደው ያስተማሩት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ። አንድ ክፉ አመል ነበረው። ዶክመንቴሽን ያነባል። ሌሎቻችን ስንቸገር ብቻ ከፍተን የምትበቃንን አንድ መስመር ቀድተን የምንሮጥበትን ነገር፣ እሱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ልክ እንደ ልብ ወለድ ያነበዋል። አንድ ነገር ጠፍቶን ስንጠይቀው መልሱን አይነግረንም። "ተጽፏል" ይላል። በዚህች አንድ ቃል ስንቱን እንዳናደደ እሱ ራሱ አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ ነስሩ መለወጥ ጀመረ። ስክሪኑን ፊት ለፊት ማየት ትቶ፣ የሰው ወሬ ሰርቆ እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ወደ ጎን ጠምዝዞ ማየት ያዘ። ፊደሉን ደግሞ እያሳደገው እያሳደገው ሄዶ አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን የሚሞላበት ቀን መጣ። ስንቀልድበት አብሮን ይስቃል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሳ፤ ነስሩ ኮራ። መንገድ ላይ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ዝም ብሎ ያልፋል አሉ። የእኛን ሰፈር የምታውቁ ይህ ምን ያህል ከባድ ክስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኮልፌ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ይምርሃል። ሰላምታ መንፈግህን ግን አይምርህም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነስሩ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋና "ሂሩትዬ፣ እስቲ ይቺን ገጽ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው" አለኝ።

"ነስሩ" አልኩት፣ "አንተ መነጽር አድርገህ አታውቅም።"

ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ። ከታች መዶሻው ይቀጠቅጣል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። የዓይኑ የውስጠኛው ሽፋን መሃሉ እየሞተ ነው። መንገድ ይታየዋል፣ መኪና ይታየዋል፤ ፊደልና የሰው ፊት ግን ከመሃል ይጠፉበታል። ሐኪሞቹ መድኃኒት የለውም ብለውታል። ለአለቃችን አልነገረም። ለእናቱም አልነገረም። ያን ሰሞን ደግሞ የአንድ የግል ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ ወደ አዲሱ የፍሬምወርክ እትም እንዲዛወር ተወስኖ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለእሱ ነበር። አዲስ እትም ማለት አዲስ ዶክመንቴሽን ማለት ነው። ብዙ ገጽ።

"ዓይኔ እንደሆነ ሄዷል" አለኝ። "ሥራዬ ግን አብሮት እንዲሄድ አልፈልግም። ታነቢልኛለሽ?"

እንዲህ ሆኖ ነው የቅዳሜ ከሰዓት ንባባችን የተጀመረው። ከዙህር ሶላት ሲመለስ እነሱ ቤት እንገናኛለን። እናቱ እትዬ ከድጃ ለሥራ መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቁት። ሳምቡሳና ሻይ አቅርበው፣ ራቅ ብለው ሶፋው ጥግ ይቀመጡና ጨርቅ እየዘመዘሙ ያዳምጡናል። እኔ አነባለሁ። ጮክ ብላችሁ ዶክመንቴሽን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ለጆሮ የተጻፈ ነገር አይደለም። ቅንፍ ተከፈተ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ቅንፍ ተዘጋ፣ ነጥብ። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ ረዘም ያለ አንቀጽ ሳይ ዓይኔ ወደ ታች ይንሸራተታል። ነስሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ "ዘለልሽ" ይለኛል። እንዴት እንደሚያውቅ አላህ ነው የሚያውቀው። ተመልሼ አነባለሁ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ከድጃ መርፌያቸውን አቆሙና "ልጄ፣ ይሄ ሪተርን የምትሉት ሰውዬ ማነው? ምነው ስሙን እንዲህ ደጋገማችሁት?" አሉኝ።

ነስሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ "ሰው አይደለም እማ። ትእዛዙ የሚመልሰው መልስ ማለት ነው" አላቸው።

"ሲጠይቁት ሁሌ ይመልሳል?"

"በደንብ ከጠየቁት ይመልሳል።"

"እንግዲያው ከቀበሌው ሰውዬ ይሻላል" አሉና ወደ ዝምዘማቸው ተመለሱ።

እየቆየሁ ያቺን ቅዳሜ መናፈቅ ጀመርኩ። በሥራ ቀን እንደ ሬት የሚመረኝ ጽሑፍ እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። ከሩቅ አገር የማናውቃቸው ሰዎች ተቀምጠው፣ አንድ ቀን አንድ የማያውቁት ሰው ይቸገር ይሆናል ብለው፣ "ይህን ባዶ አድርገህ እንዳትልከው፣ ይበላሽብሃል" ብለው የጻፉት ምክር ኮልፌ ድረስ መጥቶ በእኔ ድምፅ ይነገራል። ሲታሰብ ደግነት ነው። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ይህን ደግነት አያየውም።

ከዚያ ያቺ ገጽ መጣች። እስከዚያ ድረስ በየቦታው ስንጠቀምበት የኖርነው አንድ ትእዛዝ ስር ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ትርጉሙ፣ ይህ ትእዛዝ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን እንዳትመኩበት፤ በሚቀጥሉት እትሞች ይወገዳል የሚል ነው። አነበብኩት። ነስሩ መሳቅ ጀመረ። የሚያስቅ ነገር የሳቀ ሰው ሳቅ ግን አልነበረም፤ እየቆየ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ።

"ምን አለ? ምን ብሎ ነው?" አሉ እትዬ ከድጃ።

"ስለኔ ነው የሚያወራው እማ" አለ ነስሩ። "ለጊዜው ይሠራል፣ ነገር ግን እንዳትመኩበት አለ።"

እናቱ ጨርቁን አስቀመጡ። እኔ ስክሪኑ ላይ አቀረቀርኩ። እንዲያ ዓይነት ጊዜ ሰው የት ማየት እንዳለበት የሚያስተምር ዶክመንቴሽን የለም።

"ዓይንህ ነው አይደል?" አሉት።

ነስሩ ቀና አለ። "ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? ጎረቤቱ ሁሉ ልጅሽ ኮራ ሲለኝ፣ የኔ ልጅ አይኮራም፣ አላያችሁም ይሆናል እል ነበር። አንድ ቀን ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በአጠገቤ አለፍክ። ፊት ለፊቴን አይተኸኝ አለፍክ፣ ነስሩ። እኔ እናቱን ሰላም የማይል ልጅ አልወለድኩም። ያኔ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ ለምን ዝም አልክ?"

እትዬ ከድጃ ተነስተው ሄደው አጠገቡ ተቀመጡና እጁን ያዙት። እኔ ልውጣ ብዬ ስነሳ "ተቀመጪ፤ አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?" ብለው ተቆጡኝ። ተቀመጥኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እትዬ ከድጃ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ፍርዳቸውን ሰጡ፤ "ሰኞ ለአለቃህ ትነግራለህ። ደብቆ የሚሠራ ሰው ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው።"

ሰኞ አብሬው ገባሁ። አለቃችን ጋሽ ደምሴ ስስት ባይኖርባቸውም ጭንቀት የሚበዛባቸው ሰው ናቸው። እስክሪብቷቸውን እያገላበጡ ሰሙት። ሲጨርስ "ኪቦርዱስ? እንዴት ልትጽፍ ነው?" አሉት።

"ኪቦርድ እያየሁ ጽፌ አላውቅም ጋሼ።"

"ማሰቡንስ?"

"እሱም በዓይን አይደለም።"

"እንግዲያው ምን ሆንኩ ነው የምትለኝ?" ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ውስጥ ያለውን ርኅራኄ ሁለታችንም ሰማነው። ከዚያ ግን በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና "ብቻ የክሊኒኩ ሰዎች አሁን እንዳይሰሙ" አሉ። የታመመ የሚያክም ድርጅት የታመመ ሰው እንደሚሠራለት እንዳይሰማ። እንዲህ ነን እንግዲህ።

የዝውውሩ ቀን እሑድ ጠዋት ነበር፤ ክሊኒኩ በሩ የሚዘጋበት ቀን ስለሆነ። ጋሽ ደምሴ አሉ፣ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አሉ፣ እኛም አለን። ሁሉም ነገር ተዛወረ። እልልታው ሊቀልጥ ጥቂት ሲቀረው፣ ሥራ አስኪያጇ የአንዲት ሕመምተኛ መዝገብ ከፍተው "ይቺ ሴትዮ እኮ ቀጠሮዋ በዚህ ወር ነው፤ እዚህ የሚቀጥለው ወር ይላል" አሉ። ሌላ ከፈቱ። እሱም አንድ ወር ሸሽቷል። የሁሉም ሕመምተኛ ቀጠሮ አንድ ወር ወደፊት ሸሽቷል። ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ የደረሰች እርጉዝ፣ ሁሉም።

እንደ ልማዳችን መነካካት ጀመርን። አንዱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ስንቀይር ነው አለ። ሌላው አሥራ ሦስተኛዋ ወር ናት፣ ጳጉሜ ሁልጊዜ ታጣላናለች አለ። አንዱን ስንነካ ሌላው ይበላሻል። ጋሽ ደምሴ ላባቸውን እየጠረጉ "ወደ ድሮው እንመልሰው?" ማለት ጀመሩ።

ነስሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ሂሩት፣ የቀን ትእዛዙን ገጽ ክፈቺና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ" አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሥራ አስኪያጇ ዘወር ብለው አዩት። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አነበብኩ። የሰፈር እድር ላይ ደንብ እንደሚያነብ ጸሐፊ ቆሜ፣ ሳልቸኩል፣ ቅንፍ እየከፈትኩ ቅንፍ እየዘጋሁ። ገጹ መሃል ላይ ስደርስ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ በአዲሱ እትም ወራት የሚቆጠሩት ከዜሮ ጀምሮ ነው ትላለች። የመጀመሪያው ወር ዜሮ ነው። እኛ አንድ ብለን ስንሰጠው እሱ ሁለተኛውን ወር ይሰማል።

"ተጽፏል" አለ ነስሩ።

ያን ቀን ማንም አልተናደደበትም። ሥራ አስኪያጇ ሊወጡ ሲሉ ወደ ነስሩ ጠጋ ብለው "ዓይንዎን ነው?" አሉት። አዎ አላቸው። "የኛም ዓይን ሐኪም ይይዎት፤ ባያድንዎትም የሚያግዝ ነገር ያውቃል" አሉት። ደብቁ የተባልነው ከእሳቸው ነበር።

ሐኪሙ እውነትም አላዳነውም። ነገር ግን ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ የነገረው እሱ ነው። ነስሩ መጀመሪያ ቀስ አድርጎ ሰማው፤ ከዚያ ፍጥነቱን ጨመረው፣ ጨመረው። ዛሬ የእሱ ማሽን ሲያነብ ለእኔ ቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ነው የሚመስለኝ፤ እሱ ግን ቃል አያመልጠውም። ቤቱ ተቀምጦ ይሠራል። መንገድ ላይ ደግሞ ሰፈርተኛው ቀድሞ "ነስሩ፣ እኔ ነኝ እከሌ" እያለ ሰላም ይለዋል። የቅዳሜ ንባባችን ግን በዚያው ቀረ። ማንም አልከለከለውም፤ ጥቅሙ አለቀ። መሥሪያ ቤት ያሉት ልጆችም ገጽ መክፈት ትተዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን የሚያወራ ማሽን ይጠይቃሉ፣ እሱም በሙሉ ልብ ይመልስላቸዋል፤ አንዳንዴ ፈጽሞ ያልተፈጠረ ትእዛዝ ጭምር።

ባለፈው ቅዳሜ እነሱ ቤት ጎራ አልኩ። ነስሩ ሥራ ላይ ነበር፤ አዲስ እትም ወጥቶ ማሽኑ የተለወጠውን ያንበለብልለታል። "ላንብብልህ?" አልኩት እንደ ቀልድ።

"አንቺ አንድ ገጽ ስትጨርሺ እሱ ሁሉንም ይጨርሰዋል" አለኝ። እውነቱን ነው።

እትዬ ከድጃ ከሶፋው ጥግ "ዝም አሰኘው ይሄን ጉደኛ" አሉ። "የሚለው አይገባኝም። እሷ ታንብብ፤ የእሷ ይገባኛል።"

ነስሩ ሳቀ። "እማ፣ የእሷም እኮ ያው እንግሊዝኛ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እሷ ስታነብ ግን አንተ ደግመሽ አንብቢ ትላለህ፣ ትስቃለህ፣ ትቆጣለህ፤ ሥራህ የት እንደደረሰ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አሁን ቤት ውስጥ ሁለት ዝምተኛ ነው ያለኝ፤ አንዱ ይለፈልፋል እንጂ።"

ነስሩ እጁን ዘርግቶ ማሽኑን ዘጋው።

ወንበር ስቤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ሥራው ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ዘገየ፤ ከሦስታችን የቸኮለ አልነበረም።