የሲስተር ጆሮ አንዲት ቃል

ሴት ልጆች በሚያድሩበት ትምህርት ቤት ሁሉ አንዲት የምትሰማ ሴት አለች። ሕንፃው ይታደሳል፣ የደንብ ልብሱ ቀለም ይለወጣል፣ ዳይሬክተሮች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሷ ግን ከደወሉ ጋር አብራ የተተከለች ይመስል ንቅንቅ የለም። እንዲህ ዓይነት ሴት የሌለችበት ትምህርት ቤት አለ የሚል ሰው ከተገኘ፣ ያ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ማለት ነው።

የዚህኛው የካቶሊክ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ክብርት ባለጆሮ፣ ሲስተር ጆሮ ይባሉ ነበር። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት ፈጣሪና የመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን ብቻ ናቸው። በአሥር ዓመታቸው አዳሪ ሆነው ገቡ፣ ኦርጋን ተማሩ፣ መነኮሱ፣ እዚያው ቀሩ። ኮሪደሩ ላይ ትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ልጆችና አንዲት ፍየል ብቻ በነበሩት ዘመን የተነሣ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከፊት ረድፍ ጥግ ላይ፣ ከፎቶ አንሺው ኋላ ሰው የሚንሾካሾክ ይመስል አንገቷን አዘንብላ የምታዳምጠው ልጅ እሳቸው ናቸው።

መዘምራኑን ያሠለጥናሉ፣ አዳሪዎቹን ይጠብቃሉ፣ በየመንፈቁም የውጤት ካርዱ ላይ «ጠባይ» የሚለውን ዓምድ ይሞላሉ። ይህ የተሰጣቸው ሥራ ነው። መስማት ግን ማንም ሳይሰጣቸው የያዙት ሥልጣን ነበር። በቅዳሴ መሃል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ የከረሜላ ወረቀት ሲላጥ ይሰማሉ። አርባ አልጋ በተደረደረበት መኝታ ቤት ማን እንደተነሣች ከጫማዋ ሲጥታ ይለያሉ። ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው የሚመጡት ተመላላሾች፣ ከውጭ ያመጡትን ወሬና ማስቲካ ለአዳሪዎቹ ሲያቀብሉ፣ ከአንዱ በር ኋላ ድምፃቸው ከተፍ ይላል።

«ሰምቻለሁ!»

«ሲስተር፣ ምንም አላልኩም እኮ!»

«ልትይ ነበር።»

ልጆቹም በእረፍት ሰዓት ገመድ እየዘለሉ ይዘፍኑባቸዋል፦

በሩ ቢቆለፍም፣ መስኮቱ ቢገጥምም፣
ከሲስተር ጆሮ ስር ሐሳብ አያመልጥም።

ይህንንም ሰምተዋል። ዜማውን አርመው መለሱላቸው።

በሲስተር ጆሮ እምነት የአዳም ዘር ሁለት ወገን ነው፤ የሚዘምርና ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ። ሁለተኛው ወገን ውስጥ የተመደበች ልጅ ይግባኝ የላትም፤ «አንቺ፣ ከንፈርሽን ብቻ!» ከተባለች አለቀ። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጡ ጳጳስ በመንፈስ ተነክተው ከመዘምራኑ ጋር ማዜም ሲጀምሩ፣ ሲስተር ከኦርጋኑ ቀና ሳይሉ «ብፁዕ አባታችን፣ ከንፈርዎን ብቻ» ብለዋቸዋል ይባላል። ብፁዕነታቸውም ታዘዋል ይባላል።

ጠባይን በተመለከተ ደግሞ ለአንዲት ልጅ ከአንድ ቃል በላይ መጻፍ ሐሜት ነው ብለው ያምኑ ነበር። «ትስቃለች።» «ትሮጣለች።» «ታስባለች።» የዚህችኛዋ አባት በደስታ ካርዱን ለጎረቤት ሁሉ አሳየ፤ ልጅቷ የምታስበው በሒሳብ ሰዓት ስለ ምሳ መሆኑን ማን ይንገረው?

ታዲያ ከእነዚህ ቃላት አንዷ ጠብታ ላይ ወደቀች።

ጠብታ በዚያ ዓመት የገባች የአሥራ ሦስት ዓመት አዳሪ ናት። ስሙን ያወጡላት የዶርም ጓደኞቿ ናቸው፤ ንግግሯ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ነው የሚለው። ያሳደገቻት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ አፏን ሳትከፍት ታዛለች፣ ትቆጣለች፣ ታንጎራጉራለች። ጠብታም ከስፌት መኪናው ስር ቁጭ ብላ ንግግርም ዘፈንም የተማረችው እንዲሁ ነው። ከንፈሯ ሳይላቀቅ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ግራ ያጋባል እንጂ፣ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው። ልብስ ማጠቢያው ጋ ስታንጎራጉር ልጆቹ ቧንቧ ዘግተው ያዳምጧታል።

የመዘምራን ምርጫ ቀን ግን ሲስተር ጆሮ ኦርጋኑ ኋላ ቁጭ ብለው አፈጠጡባት።

«ዘምሪ።»

ዘመረች።

«አልተሰማሽም። ድገሚ።»

ደገመች። በሦስተኛው ጊዜ፣ መስኮቱ ላይ ያረፉት ርግቦች ብድግ ብለው ሄዱ።

«አልተሰማሽም» አሉ ሲስተር፣ እንደ ማዘን ብለው። «ሂጂ፣ ልጄ።»

በመንፈቁ መጨረሻ ካርዱ መጣ። ጠባይ፦ «አትሰማም።»

ትምህርት ቤቱን በዚያው ዓመት የተረከቡት ዳይሬክተር፣ ልጆቹ «ማዘር» የሚሏቸው፣ ደንብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። መተዳደሪያ ደንቡን ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር በአንድ ቦርሳ ነው የሚይዙት። ቃሏን አላልተው አነበቧትና ጠብታን አስጠሯት።

«አትሰማም ይላል። ምክር አልሰማ ብለሻል ማለት ነው። በደንባችን የማትሰማ አዳሪ አልጋዋን ትለቃለች፤ ተራ የሚጠብቁ ሠላሳ ልጆች አሉ። አክስትሽ ቅዳሜ ይምጡ።»

አልጋ መልቀቅ ለሌላዋ ተመላላሽ መሆን ነው። የጠብታ አገር ግን በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ለእሷ አልጋ ማለት ትምህርቱ ራሱ ነበር። እንባዋን ውጣ ሲስተርን ፍለጋ ሮጠች። «አልተሰማሽም» ብለውኝ የለ? ቃሏ ጠብቃ ነው የምትነበበው፤ ድምፅሽ አይሰማም ለማለት ነው። አንድ ጊዜ ቢናገሩልኝ ያልቃል ስትል አሰበች።

ሲስተርን ኮሪደሩ ላይ ከኋላቸው ደረሰችባቸው። ነጭ የራስ መሸፈኛቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ማንም ወደሌለበት ባዶ ኮሪደር «ሰምቻለሁ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው የመጥረጊያው ክፍል በር ተከፈተ፤ ሁለት ተመላላሾች አንገታቸውን ደፍተው ወጡና አንድ ከረጢት ከረሜላ አስረክበው ሄዱ።

«ሲስተር!» አለች ጠብታ።

ዝም።

«ሲስተር!»

ዝም። ግራ ገብቷት አንድ እርምጃ ስትሄድ የጽዳቱን ባልዲ ረገጠችው። ባልዲው እየተንከባለለ፣ እየተንኳኳ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ሲስተር ጆሮ ከከረጢቱ አንድ ከረሜላ መርጠው በእርጋታ ይልጡ ነበር።

ጠብታ በቆመችበት ደረቀች። ለካ ዝነኛዋ ጆሮ ተዘግታለች! ለካ ሲስተር በየኮሪደሩ የሚጮኹት በግምት ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ጥፋተኛ የሌለበት በር የት ይገኛል? የልጆቹን ከንፈር እያዩ ነው መዝሙር የሚያርሙት፣ ከንፈር እያዩ ነው የሚመልሱት። ከአራት መቶ ልጅ መሃል ድምጿ የማይሰማቸው አንዲት ብቻ ናት፤ ከንፈሯ የማይላቀቀው የልብስ ሰፊዋ ልጅ።

ሲስተር ዘወር ሲሉ አዩዋት። ጠብታ አንድ ነገር ልትል ሞከረች።

«ሰምቻለሁ» አሉ ቆጣ ብለው። «ወደ ክፍልሽ!»

እስከ ቅዳሜ ጠብታ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች። እውነቱን ብትናገር አልጋዋ ይተርፋል። ግን ባለፈው ዓመት ዓይናቸው የደከመው የጥልፍ አስተማሪ ሲስተር፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥለው ወደ አረጋውያኑ ገዳም ሲሸኙ መዘምራኑ ደጅ ቆመው እንደዘመሩላቸው ትልልቆቹ ልጆች ነግረዋታል። ለሲስተር ጆሮስ ማን ይዘምርላቸዋል? ቢዘመርላቸውስ?

ቅዳሜ አክስትየዋ ከአውቶቡስ እንደወረደች መጣች፤ ደረቷ ላይ የረሳቻቸው ሁለት ስፒሎች ተሰክተዋል። ማዘር ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ልጅዎ አትሰማም።»

«ይህች? ማዘር ይሙቱ፣ ይህች እኮ ድመት ስትረግጥ ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ ናት!»

«ሲስተር ናቸው የጻፉት። ሲስተር፣ እርስዎ ይንገሩን፤ ምን ብላ ነው የማትሰማው?»

ሲስተር ጆሮ የማዘርን ከንፈር አፍጥጠው አዩ። ከዚያም ፊታቸው ቀላ።

«ማዘር፣ እንዴት ነው ያነበቡት? ጠብቆ ነው እንጂ! ልጅቷማ ጨዋ ናት። ድምጿ ነው የማይሰማው።»

«ደንቡ ላይ ጠብቆ፣ ላልቶ የሚል የለም» አሉ ማዘር። ትንሽ አሰቡና፣ «ይሁን፤ ትዘምርና ራሴ ልፍረድ። ዘምሪ።»

ጮክ ብላ ብትዘምር ሲስተር ይጋለጣሉ። ቀስ ብላ ብትዘምርም ድምጿ ለማዘር ጆሮ ይበቃል። ጠብታ ሲስተር ፊት ቆመች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም አፏን እንደ በር ወለል አድርጋ ከፈተች። ከንፈሯ ተዘረጋ፣ ተጠጋጋ፣ ከፍ፣ ዝቅ አለ። ድምፅ ግን ጠብ አላለም።

አክስትየዋ ደንግጣ ጆሮዋን በጣቷ ጎረጎረች። ማዘር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እውነትም አትሰማም» አሉና ካርዱን ለማረም ብዕራቸውን አነሡ። አልጋውም ተረፈ፣ ምሥጢሩም ተረፈ።

ሲስተር ጆሮ ግን የልጅቷ ከንፈር ላይ የነበረውን ቃል በቃል አንብበውታል። መዝሙር አልነበረም። «ባልዲው ሲወድቅ እንዳልሰሙ አይቻለሁ፣ ሲስተር። ለማንም አልናገርም፣ ለማንም አልናገርም» ነበር የምትለው፤ ያውም በዜማው ልክ።

አሮጊቷ ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ማዘር፣ ብዕሩን ያስቀምጡት። የልጅቷን ድምፅ አላውቀውም። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

«ውይ!» አለች አክስት፣ ደረቷን ይዛ። «እኔ ደግሞ የአውቶቡሱ ንፋስ ጆሮዬን የደፈነው መስሎኝ!»

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ማዘር፣ ከንፈራቸውን ሳያውቁት ቀስ አድርገው እያንቀሳቀሱ።

«አራት ዓመቴ ነው።»

«አምና ትምህርት ቤቱ በመዘምራን ውድድር አንደኛ ወጥቷል እኮ!»

«እሱ ጆሮ አልፈለገም። ልጆቹ ፈርተውኝ ነው።»

ማዘር መተዳደሪያ ደንቡን ከቦርሳቸው አወጡ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጡት። ስለ ጫማ ቀለም አለ፣ ስለ ፀጉር ርዝመት አለ፣ ስለ ውሻ ማስገባት እንኳ አለ። መስማት ስላቆመች የመዝሙር አስተማሪ ግን አንድም መስመር የለም። ማዘር በደንቡ የሌለ ነገር አድርገው አያውቁም፤ ስለዚህ ሲስተርን የትም ሊልኳቸው አልቻሉም። ደንቡን ሲዘጉት እንደ ፈገግታ ያለ ነገር ፊታቸው ላይ ሽው አለ።

«ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ከኦርጋኑ አጠገብ ትቁም» አሉ። «ድምፅ ሲወርድ፣ ሲወጣ ትንገርዎት።»

እንዲህ ሆነ። ጠብታ እጇን የሲስተር ትከሻ ላይ አድርጋ ትቆማለች፤ ሲወርድ አንዴ፣ ሲወጣ ሁለቴ ትጫናለች። መዘምራኑ እንዲህ ያለ መከራ ከዚያ በፊት አላዩም።

በወላጆች ቀን ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ ልጆቹ ተርበተበቱና የመጀመሪያውን መዝሙር ገደል ከተቱት። ጠብታ አየቻቸው፣ አሳዘኗት፤ እጇን አላንቀሳቀሰችም። ጭብጨባው ሲያልቅ ሲስተር ዘንበል አሉ።

«ስንት ጊዜ ወደቁ?»

«አንድም ጊዜ፣ ሲስተር» አለች ጠብታ፣ ከንፈሯን በደንብ ከፍታ።

«ውሸታም። የማዘርን ፊት አየሁት እኮ።»

ጠብታ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። ሲስተር ጆሮ የሚቀጥለውን መዝሙር ገጽ ገለጡ፤ በፍርሃት የተደረደሩትን ልጆች አፍ አንድ በአንድ ቃኙ። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ኦርጋኑ ላይ አኖሩ፣ ትከሻቸውን ወደ ልጅቷ እጅ ጠጋ አደረጉ፣ ዓይናቸውንም ጨፍነው መጫወት ጀመሩ።